ቀዩ ቢራቢሮ፦ የጂጂ ሜሮኒ አጭር ዕድሜ

እሑድ፣ ኦክቶበር 15 ቀን 1967 (እ.ኤ.አ)። ቶሪኖ ሳምፕዶሪያን 4 ለ 2 አሸንፏል። ከጨዋታው በኋላ ምሽት ላይ ሁለት የቶሪኖ ተጫዋቾች በቱሪን ከተማ ኮርሶ ሬ ኡምቤርቶ የተባለውን ሰፊ ጎዳና ለመሻገር ገብተው መሃል አስፋልት ላይ ቆሙ። አንድ ፊያት 124 ኩፔ መጣ። ተከላካዩን ፋብሪዚዮ ፖሌቲን ጨረፍ አድርጎት አለፈ፤ አብሮት የነበረውን ግን ገጭቶ ወደ ተቃራኒው መስመር ወረወረው። እዚያ ደግሞ ሌላ መኪና ደረሰበት። በዚያው ሌሊት ሆስፒታል ውስጥ አረፈ። ሉዊጂ ሜሮኒ ይባላል፤ ዕድሜው 24 ነበር።

የፊያቱ ሹፌር የ19 ዓመት ወጣት ነው። የቶሪኖ ደጋፊ፣ ከተጫዋቾቹም ሁሉ ሜሮኒን አብልጦ የሚወድ።

ሜሮኒ የተወለደው ኮሞ ከተማ ነው። አባቱ የሞቱት ገና ሕፃን ሳለ ሲሆን፣ ሦስት ልጆችን ያሳደጉት እናቱ በሽመና ሥራ ነው። ከኮሞ ወደ ጄኖዋ፣ በ1964 ደግሞ በ300 ሚሊዮን ሊሬ ወደ ቶሪኖ ሄደ። ካልሲውን ወደ ቁርጭምጭሚቱ አውርዶ፣ 7 ቁጥር ለብሶ በቀኝ ክንፍ ይጫወታል። ከቡድኑ ማሊያ ቀለም የተነሳ "ቀዩ ቢራቢሮ" አሉት። ከሜዳ ውጪ ሥዕል ይሥላል፣ ልብሱን ራሱ ይነድፋል፣ አንዴም ኮሞ አደባባይ ላይ ዶሮ በገመድ አስሮ እንደ ውሻ ሲያንሸራሽር ታይቷል።

ይህ ሁሉ ለዘመኑ ጣሊያን ከበዳት። በተለይ ጸጉሩ። የብሔራዊ ቡድኑ አሰልጣኝ ኤድሞንዶ ፋብሪ ቁረጠው ብለው ወተወቱት። በ1966ቱ ዓለም ዋንጫ ሶቪየት ኅብረት ጣሊያንን 1 ለ 0 ስታሸንፍ ተሰልፏል። ከሰሜን ኮሪያ ጋር በተደረገው ጨዋታ ግን አልገባም። ጣሊያን ያንንም 1 ለ 0 ተሸንፋ ወደ አገሯ ስትመለስ፣ የወቀሳው ድርሻ ላልተጫወተውም ደረሰው! ከጸጉሩ የባሰው ደግሞ ፍቅሩ ነበር። አብራው የምትኖረው ሴት በሕግ የሌላ ሰው ሚስት ነች፤ ጣሊያን ደግሞ ፍቺን የፈቀደችው በ1970 ነው። "ዲሲፕሊን የለውም" የሚለው ክስ ስለ ኳስ ያልሆነው ለዚህ ነው።

ኳሱንማ ሳን ሲሮ ይመስክር። ማርች 12 ቀን 1967፣ ሦስት ዓመት ያህል በሜዳው ያልተሸነፈው የሄሌኒዮ ሄሬራ ኢንተር ከቶሪኖ ጋር ገጠመ። ሜሮኒ ከሳጥኑ ጫፍ ኳሷን በበረኛው አናት ላይ አሳልፎ ጥግ ውስጥ ከተታት። ቶሪኖ 2 ለ 1 አሸነፈ።

በዚያው ክረምት የከተማው ባላንጣ ዩቬንቱስ 750 ሚሊዮን ሊሬ አቀረበ። ዩቬንቱስ የፊያት ባለቤቶች የአኜሊ ቤተሰብ ቡድን ነው፤ የቶሪኖ ደጋፊ ደግሞ ብዙው በዚያው ፋብሪካ የሚሠራ ወዛደር። ደጋፊው አደባባይ ወጣ፤ ፕሬዚዳንቱ ኦርፌዎ ፒያኔሊ ሽያጩን ሰረዙት። ጸጉሩን የሚተች አገር ውስጥ፣ ለቢራቢሮው የቆመለት ይህ ሠራተኛ ነው። ሜሮኒ ከዚያ በኋላ የኖረው ጥቂት ወራት ብቻ ነው።

በቀብሩ ላይ ወደ 20,000 ሰው ተገኘ። የቱሪን እስረኞች ሳይቀሩ ለአበባ ገንዘብ አዋጡ። ሥርዓቱን የመሩት ካህን ግን በኃጢአት ለኖረ ሰው ጸለዩ ተብለው ከቤተ ክህነት ተወቀሱ። በ1949 መላውን የቶሪኖ ቡድን ይዞ ሱፔርጋ ኮረብታ ላይ የተከሰከሰውን አውሮፕላን ያበረረው አብራሪም ስሙ ሜሮኒ ነበር፤ ዝምድና የላቸውም፣ ደጋፊው ግን ይህን አይረሳም።

ከሳምንት በኋላ ቶሪኖ ዩቬንቱስን ገጠመ። የሜሮኒ የቅርብ ጓደኛ ኔስቶር ኮምቢን ትኩሳት እያንቀጠቀጠው ሦስት ጎል አገባ። አራተኛውን ያስቆጠረው አልቤርቶ ካሬሊ ነው፤ የለበሰው 7 ቁጥር ማሊያ የሟቹ ነበር። 4 ለ 0።

የፊያቱ ሹፌር አቲሊዮ ሮሜሮ ቶሪኖን መደገፉን አልተወም። በ2000 የክለቡ ፕሬዚዳንት ሆነ። ክለቡ በ2005 ሲከስርም ወንበሩ ላይ የነበረው እሱ ነው።