«ማርቲን» የተባለው የእንግሊዝ የቤተ ሰብ ስምና ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ

ከእንጦጦ ተራራ ግርጌ፣ በየካ በኩል፣ ዐፄ ምኒልክ ለእንግሊዝ መንግሥት የሰጡት ሰፊ ግቢ ይገኛል። በ1900ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ የዚህ ሌጋሲዮን ሐኪም ሆነው የሠሩት ሰው በእንግሊዞች ዘንድ የሚታወቁት «ዶክተር ቻርልስ ማርቲን» በሚል ስም ነበር። ሰውየው ግን እንግሊዛዊ አልነበሩም፤ በጎንደር የተወለዱት የእሸቴ ልጅ ወርቅነህ ናቸው። ይህ ባዕድ ስም እንዴት እንደ ደረሳቸው ለመረዳት አስቀድሞ የስሙን የራሱን ትውልድ መመልከት ያስፈልጋል።

ማርቲን ከላቲን ማርቲኑስ የመጣ ሲሆን፣ መሠረቱ ማርስ የተባለው የሮማውያን የጦርነት አምላክ ስም ነው። ስሙን በምዕራብ አውሮፓ ያስፋፋው ግን ጣዖቱ ሳይሆን፣ በአራተኛው መቶ ዓመት የኖረው የቱር ከተማ ጳጳስ ቅዱስ ማርቲን ነው። ኖርማኖች በ1066 እ.ኤ.አ. እንግሊዝን ከያዙ በኋላ ስሙ በዚያ አገር እጅግ ተዘወተረ። በዚያ ዘመን ማርቲን የአንድ ሰው መጠሪያ እንጂ የቤት ስም አልነበረም። ርስት ከአባት ወደ ልጅ ሲተላለፍ፣ የመንግሥትም ጸሐፊዎች ግብር ከፋዩን በመዝገብ ሲያሰፍሩ፣ የአባት ስም በልጅ ልጅ ላይ እየረጋ ሄደ። ይህም በአንድ ቀን የተደነገገ ሳይሆን፣ ከመኳንንቱ ጀምሮ ወደ ገበሬው ቀስ በቀስ የወረደ ልማድ ነው፤ እስከ 1400 እ.ኤ.አ. ገደማ በአብዛኛው እንግሊዝ ተስፋፍቶ ነበር።

የእንግሊዝ የቤተ ሰብ ስሞች ሁሉ ግን ከአባት ስም የወጡ አይደሉም። ስሚዝ ቀጥቃጭ ማለት ነው። በአዲስ አበባ በትምህርት ቤት ስም የታወቀው ሳንድፎርድ ደግሞ የቦታ ስም ሲሆን፣ ትርጉሙ አሸዋማ የወንዝ መሻገሪያ ነው። ቼምበርሌን የሹመት ስም ነው፤ በእኛ ቤተ መንግሥት ሥርዐት እልፍኝ አስከልካይ ከምንለው ጋር ይቀራረባል። ልዩነቱ ይህ ነው፦ በእኛ አገር የእልፍኝ አስከልካይ ልጅ በአባቱ ሹመት አይጠራም፤ በእንግሊዝ አገር ግን እልፍኝ ጠብቆ የማያውቅ ሰው በስሙ እልፍኝ ጠባቂ ሆኖ ይኖራል።

የኢትዮጵያ ክርስቲያን ደጋማ ሕዝብ እንዲህ ያለ ስም አላስፈለገውም። ርስት ጠያቂ የሚከራከረው በአንድ የቤት ስም ሳይሆን፣ በአባቱም በእናቱም በኩል የዘር ሐረግ እየቆጠረ እስከ አቅኚው ድረስ በመውጣት ነው። የአባት መስመር ብቻ የሚያሳይ ስም ለዚህ ክርክር ግማሽ ምስክር እንኳ አይሆንም ነበር። ስለዚህ የወላጅ ስም ከልጁ ስም ቀጥሎ ይነገራል፤ በልጅ ልጅ ጊዜ ወደ ኋላ ይርቅና ሌላው ይተካዋል።

ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ በመቅደላ ባረፉ ጊዜ ሕፃኑ ወርቅነህ በዚያው ነበር። ከወገኖቹ ተለይቶ የተገኘውን ሕፃን ኮሎኔል ቼምበርሌን የተባለ የእንግሊዝ መኰንን ወደ ሕንድ ወሰደው። እርሱ ከሞተ በኋላ በአምሪትሳር በሚሲዮን ትምህርት ቤት ሲማር ወጪውን የቻለለት ሌላ መኰንን፣ ኮሎኔል ማርቲን ነበር። ቻርልስ ማርቲን የሚለው ስም ከእነዚህ ከሁለቱ አሳዳጊዎች የተወረሰ ነው። እንግዲህ በእንግሊዝ ልማድ የደምን መስመር የሚያሳየው የቤተ ሰብ ስም እዚህ ላይ የደም ሳይሆን የቀለብና የትምህርት ምስክር ሆነ። ከዚያው ከመቅደላ የተወሰደው ልዑል ዓለማየሁ በ1879 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ አገር እስኪሞት ድረስ በገዛ ስሙ ተጠርቷል። የንጉሥ ልጅ ስሙ ራሱ ዋጋ ነበረው፤ ስለ ሌላው ሕፃን ግን ስሙን ጠይቆ የጻፈለት አልተገኘም።

ወጣቱ በላሆር ሕክምና ተምሮ፣ በስኮትላንድም ትምህርቱን አሻሽሎ፣ በበርማ በእንግሊዝ መንግሥት አገልግሎት ሠራ። ከዐድዋ ድል በኋላ አዲስ አበባ ሲደርሱ አማርኛ አያውቁም ነበር። ዘመድ የሚፈልግ ሰው በዚህ አገር የሚጠየቀው «የማን ልጅ ነህ?» ተብሎ ነው፤ «ማርቲን» ደግሞ ለዚህ መልስ አይሆንም። የታወቁትም በስም አይደለም። አንዲት አሮጊት ሴት አያታቸው መሆናቸውን ተናግረው፣ በልጅነት የደረሰባቸውን የገላ ጠባሳ በምልክትነት ጠቅሰው፣ ምልክቱ በተገኘ ጊዜ ወርቅነህ የሚለውን ስም መለሱላቸው። የእንግሊዝ መዝገብ ያላኖረውን የሴት አያት ትዝታ አኑሮት ነበር።

ከዚያ በኋላ አንደኛው ስም ሌላውን አልሻረውም። በ1917 ዓ.ም. የተከፈተው የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት ኀላፊ፣ በኋላም የጨርጨር ገዥ ሐኪም ወርቅነህ ናቸው፤ አማርኛው የጂኦግራፊ መጽሐፋቸውም በዚሁ ስም ይታወቃል። በኢጣልያ ወረራ ጊዜ በለንደን የኢትዮጵያ ሚኒስትር ሆነው የተከራከሩት ግን በእንግሊዝ ጋዜጦች ዘንድ ዶክተር ማርቲን ናቸው። ስሙ በዚያ ጊዜ ጠቀሜታ አልታጣበትም ቢባል ስሕተት አይሆንም፤ የአገሬውን ስም በእንግሊዝ ጆሮ የሚያሰማ መግቢያ በር ነበር።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ለእያንዳንዱ ሰው የቤተ ሰብ ስም እንዲኖረው ቢደነግግም፣ ሕዝቡ ስሙን፣ የአባቱንና የአያቱን ስም አከታትሎ መጥራቱን አልተወም። በዚህ ቤትም ማርቲን እንደ እንግሊዝ ልማድ ወደ ልጆች ተላልፎ ነበር። በእንግሊዝ አገር የተማሩት ብንያምና ዮሴፍ በውጭ አገር ጽሑፎች በአብዛኛው ማርቲን ተብለው ይገኛሉ። ሁለቱም ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በኋላ በአዲስ አበባ በኢጣልያኖች ተገደሉ። በአገራቸው ሰው አፍ ሲታወሱ ግን የሐኪም ወርቅነህ ልጆች ይባላሉ።