ሞት ሳይቀድም ማየት፦ የቢልሃርዚያ ጠባሳና አልትራሳውንድ

ከአንጀትና ከጣፊያ የሚመለሰውን ደም ሰብስቦ ጉበት የሚያስገባው ትልቅ ደም መልስ «ፖርታል ቬን» ይባላል። ዛሬ የእሱን ታሪክ ላውጋችሁ፤ በተለይ የቁሐር ሚካኤልና የወረታ ዙሪያ ሰዎች ስሙኝ።

በ1851 እ.ኤ.አ. ቴዎዶር ቢልሃርዝ የተባለ ጀርመናዊ ሐኪም ካይሮ ውስጥ አስከሬን ሲመረምር በዚሁ ደም ሥር ውስጥ ትል አገኘ። ቢልሃርዚያ የሚለው ስም የመጣው ከእሱ ነው። በ1904 ደግሞ እዚያው ካይሮ ሲመርስ የተባለ ሐኪም የሟቾችን ጉበት ቆርጦ ሲያይ የደም ሥሩ ቅርንጫፎች በወፍራም ነጭ ጠባሳ ተከበው ነበር፤ ከሸክላ የተሠራ የፒፓ አንገት መሰሉት። ጠባሳውን የሚያመጣው የትሉ እንቁላል ነው፤ በደም ተገፍቶ ጉበት ውስጥ ይቀረቀራል። ደሙ መንገድ ሲጠብበት ወደ ኋላ ይመለሳል። ጣፊያ ያብጣል፣ የምግብ ቧንቧ ደም ሥሮች ይወጠራሉ፣ ሲፈነዱ በሽተኛው ደም ያስመልሳል። ሁለቱም ሐኪሞች ግን ያዩት ሰው ከሞተ በኋላ ነው።

በሽታው በጣና ዙሪያም አለ። ትሉ ከቀንድ አውጣ ወጥቶ በቆዳ በኩል ይገባል፤ ውኃ ውስጥ ቆሞ የሚውል ገበሬና ወንዝ የሚዋኝ ልጅ ይጋለጣሉ። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. አድዋ ላይ በእንዶድ ልብስ ከሚታጠብበት ቦታ ዝቅ ብሎ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች ያዩት ለዚህ በሽታ መላ ሲፈልጉ ነው። (እናቶቻችን ያጥቡበት የነበረው እንዶድ፣ አዎ!)

ሲመርስ በቢላዋ ያየውን ዛሬ አልትራሳውንድ ሆድ ሳይከፈት ያሳያል። በ1996 እ.ኤ.አ. በኒጀር ከተማ ኒያሜ የተሰበሰቡ ባለሙያዎች ጠባሳው እንዴት እንደሚነበብ መመሪያ አወጡ። የደም ሥሩ ስፋት ይለካል፣ ጣፊያም ይታያል። ዶፕለር ካለ ደሙ ወዴት እንደሚፈስ ይታወቃል፤ ፍሰቱ ሲዘገይ ደም ሊረጋና ሥሩን ሊዘጋው ስለሚችል ይህ ትልቅ ነገር ነው። ለምርመራው ብዙ ጊዜ ምግብ ሳይበሉ መምጣት ይጠየቃል።

አልትራሳውንድ ትሉን አያሳይም። «ጉበትህ ደህና ነው» የተባለ ሰውም ትል ሊኖርበት ይችላል፤ ስለዚህ የሰገራ ምርመራ አይቅር። ፕራዚኳንቴል ትሉን ይገድላል፤ የቆየ ጠባሳ ግን ሙሉ በሙሉ ላይጠፋ ይችላል። በግራ ጎንዎ እብጠት ከተሰማዎት ቶሎ ይታዩ። ደም ካስመለሱ ወይም ሰገራዎ እንደ ሬንጅ ከጠቆረ ግን ሌሊትም ቢሆን ወደ ሆስፒታል ይሂዱ።