ፀሐይ ላይ የተሰጣ ድንጋይ

ብልባላ ያደገ ሰው «ድንጋይ» ሲባል ሁለት ነገር ይመጣበታል። አንዱ ቂርቆስና ጊዮርጊስ የተፈለፈሉበት ዓለት ነው። ሌላው ሬዲዮና ባትሪ ውስጥ የሚገባው ድንጋይ ነው። የማወራችሁ ስለ ሁለተኛው ነው።

የአያቴ ሬዲዮ አራት ድንጋይ ይበላ ነበር። ድምፁ ሲደክም አባባ ድንጋዮቹን አውጥቶ በር ላይ ፀሐይ ያሰጣቸዋል፤ አንዳንዴም በጥርሱ ነከስ ነከስ ያደርጋቸዋል። ከዚያ ለአንድ ዜና ያህል ይሠራሉ። ለእኔ አስማት ነበር። ለካ ሙቀቱ ውስጣቸው የቀረችውን ትንሽ ኃይል ማሟጠጡ ነው እንጂ አዲስ አይጨምርም።

አንድ ክረምት ድንጋዮቹ ሬዲዮው ውስጥ ተረሱ። መስከረም ላይ ሲከፈት ውስጡ በነጭ ዝገት ተበልቷል። የርካሽ ድንጋይ ጣጣው እዚህ ላይ ነው፦ ኃይል የሚሰጠው የዚንክ ቆርቆሮ ራሱ መያዣው ስለሆነ፣ በሠራ ቁጥር እየሳሳ ሄዶ ይቀደዳል። ደህና ደህናዎቹ ከላይ የብረት ልባስ አላቸው። የእኛዎቹ የለበሱት ወረቀት ነበር።

ያ ድንጋይ የድሮ ሰው ነው። ፈረንሳዊው ሌክላንሼ እ.ኤ.አ. በ1866 እርጥቡን ሠራ፤ ጀርመናዊው ጋስነር በ1880ዎቹ ደረቅ አደረገው። ቢከፋ ቢከፋ ሬዲዮ ይገድላል። ሰው ቤት አያቃጥልም።

ሊቲየም ግን ሌላ ነው። ሶኒ እ.ኤ.አ. በ1991 ገበያ ላይ አወጣው፤ ለፈጠራው የደከሙት ጉዲናፍ፣ ዊቲንግሃምና ዮሺኖ በ2019 ኖቤል ተሸለሙ። እኛ ጋ የመጣው በሞባይልና በሶላር መብራት ነው። በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ ጦርነቱ ላስታ ደርሶ ላሊበላ መብራት አጥታ ወራት ስትከርም፣ ሶላር ያለው ሰው የሰፈር ሹም ነበር። እኔም አንድ ርካሽ ገዛሁ። ዓመት ሳይሞላው ባትሪው እንደ ድፎ አበጠ። አውጥቼ ወረወርኩትና ረሳሁት።

ያስታወሰኝ ታናሽ ወንድሜ ነው። አዲስ አበባ ምግብ በሞተር ያደርሳል። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት የነዳጅ የቤት መኪና እንዳይገባ ከከለከለ ወዲህ የኤሌክትሪክ ወሬ በየሰፈሩ ነው፤ እሱም ያገለገለ የኤሌክትሪክ ሞተር አገኘ። ባትሪው ሞቷል። አንድ ሰው ከአሮጌ ላፕቶፕ የወጡ ሴሎችን በያይዶ በግማሽ ዋጋ ሊሠራለት ነው። «ማታ ቤት ቻርጅ ሰክቼ እተኛለሁ» አለኝ። ቤቱ አንድ ክፍል፣ አንድ በር።

የነገርኩት የኒውዮርክን ታሪክ ነው። እዚያም ምግብ አድራሾች ርካሽ ባትሪ ገዝተው ማታ ቤታቸው ይሰኩ ነበር። በ2023 ብቻ በሊቲየም ባትሪ እሳት 18 ሰው ሞተ። ከተማዋ በዚያው ዓመት የደኅንነት ማረጋገጫ የሌለው የኤሌክትሪክ ብስክሌትና ባትሪ እንዳይሸጥ በሕግ ከለከለች።

ምክንያቱ ውስብስብ አይደለም። እያንዳንዱ ሴል ውስጥ ሁለቱን ወገን የሚለይ ከፀጉር የቀጠነ ስስ ሽፋን አለ። እሱ ከተበሳ ይግላል፤ የጋለው ጎረቤቱን ያግላል፤ ከዚያ ውሃ በቀላሉ አያቆመውም። ደህና ባትሪ እያንዳንዱ ሴል ከ4.2 ቮልት እንዳያልፍ የሚጠብቅ ሰሌዳ አለው። ርካሹ ላይ መጀመሪያ የሚቀነሰው እሱ ነው። ውሸቱን መለየትም ይቻላል፦ አውራ ጣት የምታክለው 18650 የምትባለው ሴል ላይ «9900» ተጽፎ ካያችሁ ሳቁና ሂዱ። ምርጥ የሚባለው 3500 አካባቢ ነው።

ወንድሜ ሰምቶኝ ሲያበቃ «እትዬ፣ ደህናውን እስክገዛ ማን ያበላኛል?» አለኝ።

መልስ አልነበረኝም። አያቴም ደህናውን ድንጋይ ጠልቶ አልነበረም ርካሹን የገዛው። እውቀት ብቻውን ባትሪ አይገዛም።

ሁለት በግ ሸጥኩና የጎደለውን ላክሁለት። ፋብሪካ የሠራውን፣ ቶሎ የማይግለውን የብረት ፎስፌት ዓይነት ገዛ። ከአከራዩም ጋር ተነጋግሮ ቻርጁን ግቢ ውስጥ፣ ቆርቆሮ ጥላ ሥር፣ ሳይተኛ ነው የሚሰካው። ቻርጅ ሲሞላ ይደውልልኛል። «ነቀልኩት» ይላል። እኔም መብራቴን አጥፍቼ እተኛለሁ።