ጣፋጩ በብርሌ፣ ቅመሙ በመሶብ
በደብረ ታቦርና በአካባቢው የጣዕምና የመስተንግዶ ታሪክ

የአንድ ሕዝብ ባህል የሚነበበው በድርሳናቱ፣ በሕንፃዎቹና በዜማው ብቻ አይደለም። በማእዱም ይነበባል። ምን ከምን ጋር እንደሚበላ፣ ማን ቀድሞ እንደሚቀመጥ፣ ማን ቆሞ እንደሚያስተናግድ የሚወስነው ልማድ የኅብረተሰቡን አኗኗርና የኃይል አሰላለፍ ከማናቸውም የጽሑፍ መዝገብ ባልተናነሰ ሁኔታ ይገልጻል። በጉና ተራራ ግርጌ የሚገኙት ደብረ ታቦር፣ ገሳይና በዙሪያቸው ያለው የደቡብ ጎንደር ደጋ ለዚህ ዓይነቱ ምርመራ የተመቹ ናቸው፤ ምክንያቱም የመሳፍንቱ የግብር አዳራሽ፣ የገበሬው መሶብና የመንገድ ዳር ምግብ ቤት በተለያየ ዘመን በዚሁ ምድር ላይ ተፈራርቀዋል።

አማርኛ ራሱ የመጀመሪያውን ፍንጭ ይሰጣል። «ጣፋጭ» የሚለው ቃል ለማር ይነገራል፤ ጨውና ቅመሙ ተስተካክሎ ለተሠራ ወጥም ይነገራል። «ጨው ለራስህ ስትል ጣፍጥ፣ አለዚያ ድንጋይ ብለው ይጥሉሃል» የሚለው ምሳሌያዊ አነጋገር ጨውን «ጣፍጥ» ብሎ ሲያዝ፣ ጣዕም ሁሉ በአንድ ግሥ ሥር እንደሚጠቃለል ያመለክታል። ቋንቋው ያልለየውን ግን ማእዱ ለይቶታል። በደጋው ልማድ ወጥ የሚታወቀው በጨው፣ በበርበሬና በቅመም ነው፤ ማር የሚገኘው በአብዛኛው በመጠጡ ውስጥ ነው። ከምግብ በኋላ ተለይቶ የሚቀርብ ጣፋጭም የተለመደ አልነበረም።

ይህን ከሌላው ዓለም ጋር ማነጻጸር ጉዳዩን ያብራራዋል። በመካከለኛው ዘመን በአውሮፓ መኳንንት ገበታ ላይ ስኳርና ቀረፋ ከሥጋ ጋር አብረው ይገቡ ነበር። ከ17ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ የፈረንሳይ ወጥ ቤት ጣፋጩን ከጨዋማው እየለየ ወደ ማእዱ መጨረሻ ገፋው። በ19ኛው መቶ ዘመን ደግሞ «የሩሲያ መስተንግዶ» የተባለው ልማድ ተስፋፍቶ፣ ቀድሞ በአንድ ጊዜ ጠረጴዛውን ይሞላ የነበረው ምግብ ተራ በተራ መቅረብ ጀመረ። በሞሮኮና በፋርስ ግን ፍራፍሬና ሥጋ በአንድ ድስት መቀቀላቸው እስከ ዛሬ አልቀረም። እንግዲህ አውሮፓ ጣፋጩን የለየው በጊዜ ነው፤ የኢትዮጵያ ደጋ የለየው በዕቃ ነው። ጣፋጩ በብርሌ፣ ቅመሙ በመሶብ ሆኖ ሁለቱ በአንድ ጊዜ ይቀርባሉ፤ የሚገናኙትም በተመጋቢው አፍ ውስጥ ነው።

ማር፣ ጨውና በርበሬ

ይህ አሠራር ከተፈጥሮ ሀብቱና ከንግዱ የመነጨ ነው። ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው የጉና ተራራና በሥሩ ያለው ደጋ የገብስና የባቄላ አገር ነው። ወደ ጣና ሐይቅ ሲወረድ የሚገኘው የፎገራ ሜዳ በከብቱ የታወቀ በመሆኑ ቅቤና ወተት አይጠፋበትም። ማር ከገበሬው ቀፎ ይቆረጣል። ጨው ግን ከሩቅ የሚመጣ ዕቃ ነበር። ከአፋር ረባዳ ምድር እየተቆረጠ በግመል፣ በአህያና በበቅሎ የሚጓጓዘው አሞሌ በብዙ ገበያዎች ተሸጋግሮ ይፋግና ደሪጣን ከመሰሉ የበጌምድር የንግድ ቦታዎች ይደርስ ነበር። አሞሌ ማጣፈጫ ብቻ ሳይሆን ገንዘብም ነበር፤ እስከ 20ኛው መቶ ዘመን መግቢያ ድረስ በገበያ ላይ እንደ መገበያያ አገልግሏል።

በርበሬ ከሁሉም የዘገየው እንግዳ ነው። ተክሉ የአሜሪካ አህጉር ተወላጅ በመሆኑ ከ16ኛው መቶ ዘመን በፊት በኢትዮጵያ ሊታወቅ አይችልም ነበር። ከዚያ አስቀድሞ ወጡን ያቃጥሉ የነበሩት ቁንዶ በርበሬ፣ ዝንጅብልና ሰናፍጭን የመሳሰሉት ናቸው። ዛሬ የአገር ባህል ዋና ምልክት ተደርጎ የሚታየው ቀይ ወጥ እንግዲህ የአገር ውስጥ ጥበብና የውጭ ተክል ተዋሕደው የፈጠሩት ነው። ባህል የማይለወጥ ቅርስ ነው የሚለውን አመለካከት ለማፍረስ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አይገኝም።

የግብር አዳራሹ

ደብረ ታቦር በ19ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ በራስ ጉግሣ ዘመን የየጁ መሳፍንት መቀመጫ ሆነ። ከዚያ በኋላ የራስ አሊ፣ የዐፄ ቴዎድሮስና በአቅራቢያው ባለው በሰመራ ደግሞ የዐፄ ዮሐንስ መናገሻ ሆኗል። በመሳፍንቱ ዘመን ግብር ማብላት የፖለቲካ ሥራ ነበር። ጌታው ሠራዊቱን የሚይዘው በመሬት፣ በሹመትና በገበታ ነው። አጋፋሪው ተጋባዡን እንደየማዕረጉ ያስገባል፤ መኳንንቱ ቀድመው ይቀመጣሉ፤ እነርሱ ሲነሡ ቀጣዮቹ ይተካሉ፤ ተራው ወታደር መጨረሻ ላይ ይደርሰዋል። ጠጅ አሳላፊው የሚያቀርበውን መጠጥ በመዳፉ ጠብ አድርጎ አስቀድሞ ይቀምሳል፤ ይህም ጠጁ መርዝ እንደሌለበት ማረጋገጫ ነበር።

በዚህ አዳራሽ ውስጥ ጣፋጭነት ደረጃን ይለይ ነበር። ጠጅ በማር፣ በውሃና በጌሾ የሚጣል መጠጥ ነው፤ የጌሾው ምሬት የማሩን ጣፋጭነት ይገራዋል። ወፍራሙና የተጣራው ጠጅ ከላይ ለተቀመጡት ሲቀዳ፣ ከታች ላሉት የቀጠነው ጠጅ ወይም ጠላ ይደርሳል። ማሩ የሚመጣው ግን ከገበሬው ቀፎ በግብር መልክ ነበር። «ማር ሲሰፍሩ ማር ይናገሩ» የሚለው አባባል ለሰፋሪው የተመቸ ነው፤ ማሩን ቆርጦ፣ ተሸክሞና አስረክቦ ባዶ ቅሉን ይዞ ለሚመለሰው ገበሬ ግን ሌላ ትርጉም ነበረው። ጣፋጩን ያመረተው እጅ ከብርሌው የራቀ ነበር።

ግብር በታሪክ ላይ ያሳደረው ተጽዕኖ ከደብረ ታቦር ጦርነት የበለጠ ጎልቶ የታየበት ጊዜ የለም። በ1834 ዓ.ም. የሰሜኑ ደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም ከራስ አሊ ጋር በዚሁ ስፍራ ተዋጉ። ድሉ የደጃዝማች ውቤ ነበር፤ ራስ አሊም ሸሹ። ነገር ግን ድል አድራጊው በድንኳናቸው ሆነው ድላቸውን ሲያከብሩ በራስ አሊ ወገኖች ተማረኩ። በጦር ሜዳ የተገኘው ድል በድል ግብዣ ላይ ተነጠቀ።

የተሰወረው ቅልቅል

የአዳራሹ ሥርዓት ጣፋጩንና ቅመሙን በዕቃ ቢለይም፣ የባለሙያዋ እጅ ግን በስውር ሲያገናኛቸው ኖሯል። ለዚህ ዋናው ምስክር ቁሌት ነው። የተከተፈ ሽንኩርት ያለ ቅባት በዝግታ ሲታመስ ውስጡ ያለው ተፈጥሯዊ ስኳር ይወጣል፤ በኋላ የሚጨመረው በርበሬም በዚያ ላይ ሲቁላላ ኃይሉ ይለዝባል። ዶሮ ወጥ ያለ ማርና ያለ ስኳር የሚጣፍጠው በዚህ ምክንያት ነው፤ የቸኮለች ወጥ ሠሪ የምትታወቀውም በዚሁ ነው። አዋዜ ደግሞ ይበልጥ ግልጽ ነው። በርበሬው በጠጅ ወይም በአረቄ ሲለወስ ማሩና ቃጠሎው በአንድ ጣባ ውስጥ ይገናኛሉ።

በገበሬው ቤት የምግብ ዓይነቶች ሁለት ፊት አላቸው። ተልባ በማር ተበጥብጦ ይጠጣል፤ በጨውና በበርበሬ ሆኖ ደግሞ የጾም ፍትፍት ይሆናል። በሶ በማር ይበጠበጣል፤ በጨውና በበርበሬ ተለውሶም ጭብጦ ሆኖ ለመንገደኛ ስንቅ ይሆናል። ምርጫውን የሚወስነው የጣዕም ፍላጎት ብቻ አይደለም፤ በዚያ ቀን በቤቱ ማር መኖር አለመኖሩም ነው። ቡናም ቢሆን በብዙ የገጠር አካባቢ የሚጠጣው በጨው ነበር። ከኦሮሞ ማእድ የመጣው ጨጨብሳ ደግሞ ቅቤን፣ በርበሬንና ማርን በአንድ ሳሕን ላይ በግልጽ አስታርቆ በከተሞች የቁርስ ገበታ ሰፊ ቦታ አግኝቷል።

ከግብር ወደ ሆቴል

በደብረ ታቦር ግብዣ ላይ የተማረኩት የደጃዝማች ውቤ የወንድም ልጅ እቴጌ ጣይቱ ብጡል ናቸው። እቴጌይቱ እ.ኤ.አ. በ1887 ለእንጦጦ ማርያም ምርቃት ያሰናዱት ታላቅ ግብር በጸሐፌ ትእዛዝ ገብረ ሥላሴ የታሪክ መጽሐፍ ውስጥ ተዘግቧል። ነገር ግን ከግብሩ ይልቅ የመስተንግዶን ታሪክ የለወጠው በ20ኛው መቶ ዘመን መባቻ በአዲስ አበባ ያቋቋሙት ሆቴል ነው። በዚያን ጊዜ ምግብን በገንዘብ መሸጥም ሆነ መግዛት ነውር ነበር። የመሸበት መንገደኛ «የእግዜር እንግዳ» ተብሎ ይስተናገዳል እንጂ ሒሳብ አይጠየቅም። በዚህም ምክንያት ሆቴሉ ደንበኛ አጥቶ እንደ ነበርና ዐፄ ምኒልክ መኳንንቱን አስከትለው በመብላትና በመክፈል አርአያ እንደሆኑ ይተረካል።

የለውጡ ጥልቀት በቀላሉ የሚታይ አይደለም። በግብር ተጋባዡ አይመርጥም፤ የተሰጠውን ይበላል፤ የሚከፍለውም በአገልግሎትና በታማኝነት ነው። በሆቴል ግን ተመጋቢው ያዛል፣ ይመርጣል፣ ከፍሎም ይሄዳል። አሳላፊው የጌታው ሰው መሆኑ ቀርቶ የደመወዝ ሠራተኛ ሆነ። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በነበረው የጣሊያን ወረራ ጊዜ ደግሞ ፓስታ፣ ማኪያቶ፣ ሹካና ለየብቻ የሚቀርብ ሳሕን በጎንደርና በሌሎች ከተሞች ተስፋፉ። በ1946 ዓ.ም. የወንጂ ስኳር ፋብሪካ ማምረት ሲጀምር ጣፋጭነት ከማር ጥገኝነት መላቀቅ ጀመረ። ሻይ በስኳር የሠርቶ አደሩ መጠጥ ሆነ፤ በብዙ ቤትም የቡናውን ጨው ስኳር ተካው። ለዘመናት የአዳራሹ የላይኛው ወንበር ምልክት የነበረው ጣፋጭነት በሳንቲም የሚገዛ ነገር ሆነ።

በደብረ ታቦር አካባቢ ይህን ለውጥ ያፋጠነው በደርግ ዘመን በቻይና ርዳታ የተሠራው የወረታ–ወልዲያ መንገድ ነው። መንገዱ በደብረ ታቦርና በገሳይ አልፎ ወደ ነፋስ መውጫና ወደ ወሎ ሲዘልቅ፣ ሹፌሩና ተሳፋሪው ገንዘብ የያዘ አዲስ ዓይነት እንግዳ ሆነ። የመንገድ ዳር ምግብ ቤት ከገበሬው ቤት መስተንግዶ የእጅ ማስታጠቡንና እንጀራውን ወሰደ፤ ከሆቴሉ ደግሞ ዋጋውንና ትእዛዙን ወሰደ። ጣፋጩና ቅመሙ አሁን በዕቃ ብቻ ሳይሆን በቤትም ተለያዩ። ጠጅ ወደ ጠጅ ቤት፣ ወጥ ወደ ምግብ ቤት፣ ኬክ ወደ ኬክ ቤት ሄደ።

የመሶቡ አንድነት ግን አልፈረሰም። በአንድ እንጀራ ላይ ልዩ ልዩ ወጥ የሚደረደርበት «በያይነቱ» እና ሥጋውንም የሚጨምረው «ማኅበራዊ» የግብሩን ብዛት ለተራ ተመጋቢ ያደረሱ የምግብ ቤት አቀራረቦች ናቸው። የኋለኛው ስሙ ራሱ አብሮ መብላትን ያስታውሳል። «ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል» የሚለው አባባል በተወለደበት አገር፣ ለአንድ ሰው የሚታዘዝ ትሪ እንኳ ጓደኛ ሲመጣ «እንብላ» የሚያሰኝ ነው። በዋሽንግተንና በሌሎች የውጭ አገር ከተሞች ያሉ የኢትዮጵያ ምግብ ቤቶችም ለየብቻው በሳሕን መብላት ለለመደ እንግዳ አንድ ትሪ ሲያቀርቡ፣ ከምግቡ ጋር የአበላሉን ሥርዓት ያስተምራሉ።

ከዚህ ታሪክ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። የጣዕም ልማድ በደም የሚወረስ ሳይሆን በንግድ፣ በግብር፣ በፋብሪካና በመንገድ የሚቀረጽ ነው። ከቀድሞው አዳራሽ አንዱን ከሌላው የሚያበላልጠው ደረጃ ማለፉ አያስቆጭም፤ ጉርሻውና አንድ መሶብ ከቦ መብላቱ ግን ሊጠበቁ የሚገባቸው ናቸው። ዜና መዋዕሎች የግብሩን ባለቤት ስም፣ የታረደውን ሰንጋና የተጋባዡን ማዕረግ መዝግበዋል። ቁሌቱን ያቁላላችው፣ ጠጁን የጣለችው፣ እንጀራውን የጋገረችው ሴት ስም ግን በአብዛኛው አልተጻፈም። ዕውቀቷ የደረሰን ከእናት ወደ ልጅ በእጅ ነው። በየወረዳው ያሉ መምህራንና የባህል ሠራተኞች ይህን ሙያ ከባለሙያዎቹ አፍ ሰምተው ቢመዘግቡ፣ የአዳራሹ ታሪክ እስካሁን የጎደለውን ግማሽ ያገኛል።