ዘር አይበላም

አያቴ ሽንብራን ለብቻው አታስቀምጥም ነበር። የሚንጃር ሴት ናትና ጤፍም ሽንብራም ከደጇ አይጠፋም። ውቂያው ሲያልቅ ሁለቱን ደባልቃ ጎተራ ታስገባለች። ጤፉ በሽንብራው መሐል ያለውን ክፍተት ስለሚሞላው ነቀዝ መላወሻ ያጣል። ሲፈለግ በወንፊት መለየት ነው፤ ጤፉ ያልፋል፣ ሽንብራው ይቀራል።

እበት የተለቀለቀው ጎተራ እርጥበትና አይጥ እንዳያገኘው በድንጋይ ላይ ተቀምጧል። ጓዳ ውስጥ ደግሞ አንዲት ትንሽ ዲብኝት አለች፤ የዘር ናት። ነሐሴ ቢጠና፣ እንግዳ ቢደራረብ፣ እሷ አትነካም። «ዘሩን የበላ ቤት ከርሞ ምን ይዘራል?» ትለን ነበር።

የዚህ ጥንቃቄ ሥሩ የገባኝ የክፉ ቀንን ታሪክ ሳነብ ነው። በ1880 ዓ.ም. ጣሊያኖች በምጽዋ በኩል ካስገቧቸው ከብቶች ጋር የመጣው የደስታ በሽታ የአገሩን በሬ ፈጀ። ዝናብ ቀረ፤ አንበጣና ተምች ተከተለ። በሬ በመጥፋቱ ሕዝቡ በእጁ እንዲቆፍር አፄ ምኒልክ ራሳቸው ዶማ ይዘው አርአያ ሆኑ። ያን ጊዜ ዘሩን የጨረሰ ሰው፣ ሰማዩ ቢታረቀውም የሚበትነው አልነበረውም።

ከዚያ መከራ ጥቂት ዓመታት በኋላ፣ በ1888 ዓ.ም.፣ የአድዋ ክተት ታወጀ። ዘማቹ ስንቁን የሚይዘው ከየቤቱ ነበር። ለወራት መንገድ የሚበቃ በሶ፣ ድርቆሽና ቋንጣ ያዘጋጁት እናቶች ናቸው። ገብሱን የቆላችውና የፈጨችው ሴት የድሉ ባለቤት ናት ብዬ አምናለሁ።

ዛሬ ባልትና ሲባል ወጥ ማጣፈጥ ብቻ ይመስለናል። አያቴን አገሩ ባለሙያ ያላት ግን በክረምት ጎተራዋ ነው። ቁጥብነቷ ስስት እንዳልነበረ በዓይኔ አይቻለሁ። አንድ ሐምሌ የጎረቤታችን ቤት ተቃጥሎ እህሉ ሁሉ ዐመድ ሆነ። አያቴ ለድግስ ያልከፈተቻትን ዲብኝት ከፈተች። ሁለት ቁና ጤፍ በጥንቃቄ ሰፍራ፣ ቁናውን በእጇ መታ መታ አድርጋ ሞላችው።

«ይህ ለመብል አይደለም፤ ዝሪው» አለቻት ጎረቤታችንን። የሚበላውን ከጎተራው ለብቻ ሰጠቻት።