ዓመታዊ አበቦችን ከዘር ማልማት በይፋት ቆላ

ዓመታዊ አበባ ከዘር በቅሎ፣ አብቦና አፍርቶ በአንድ ዓመት ውስጥ የሚደርቅ ተክል ነው። በብርድ አገር ከነዚህ መካከል «ጠንካራ» የሚባለው ውርጭ የማይገድለው ነው። ከባሕር ወለል በላይ 1,280 ሜትር ገደማ ላይ ባለችው ሸዋ ሮቢት ግን የውርጭ ነገር አያሳስብም፤ የይፋትን ቆላ አበባ የሚፈትነው ጠራራው ፀሐይና በበልግና በክረምት መካከል ዝናብ የሚጠፋበት ጊዜ ነው።

አገሬው ከሁሉ በፊት የሚያውቃት ዓመታዊ አበባ አደይ ናት። ዘሯ በጋውን አፈር ውስጥ ከርሞ በክረምት ይበቅላል፤ መስከረም ላይ ተራራው ቢጫ ይለብሳል። ይሁንና አደይ የደጋና የወይና ደጋ ልጅ ናት፤ ድምቀቷ ያለው ሽቅብ በደብረ ሲናና በጣርማ በር በኩል ነው። ለቆላው ግቢ የሚስማሙት ሙቀት የለመዱት የሜክሲኮ አበቦች ዚኒያ፣ ኮስሞስና ማሪጎልድ ናቸው። ሦስቱም ከአደይ፣ ከኑግና ከሱፍ ጋር አንድ ቤተሰብ ናቸው።

ዋናው ነገር የመዝሪያው ቀን ነው። ዚኒያ በተዘራ ከ60 እስከ 70 ቀን ባለው ጊዜ ያብባል። ከሐምሌ 1 እስከ እንቁጣጣሽ ደግሞ 65 ቀን ነው፤ ጳጉሜ 6 ስትሆን 66። እንግዲህ የአዲስ ዓመት አበባ ከጓሮው መቅጠፍ የሚፈልግ ሰው መደቡን ሰኔ ላይ አሰናድቶ ሐምሌ ሲጠባ ይዘራል።

መረሬ አፈር ዝናብ መትቶት ሲደርቅ ላዩ ይጠጥርና ቡቃያ ያፍናል። አሸዋና የተብላላ ፍግ ይቀላቀልበታል፤ ውሃ እንዳይተኛበትም መደቡ ከፍ ይላል። የዚኒያ ዘር ጠፍጣፋና እንደ ፍላጻ ጫፍ የሾለ ነው። የማሪጎልድ ዘር ጥቁር መርፌ ይመስላል፤ ጫፉ ላይ ገለባማ ጭራ አለው። ሁለቱም ከአንድ ሳንቲ ሜትር በላይ ሳይቀበሩ፣ እርጥበት ካላጡ በሳምንት ገደማ ብቅ ይላሉ። ዚኒያው ሦስት አራት ጥንድ ቅጠል ሲያወጣ ጫፉን በጥፍር መቀንጠስ ያሳሳል፤ የተቀነጠሰው ግን ከጎን ቅርንጫፍ አውጥቶ ብዙ አበባ ይሰጣል።

በመስመር መዝራትም ግድ ነው፤ ምክንያቱ ቅንጨ አረም ነው። ይህ ከአሜሪካ የመጣ፣ ቆላውን ያስቸገረ አረም የነዚሁ አበቦች ዘመድ ሲሆን፣ የተሰነጣጠቀው ቅጠሉ በቡቃያነቱ ከኮስሞስ ጋር ያሳስታል። ከመስመር ውጭ የበቀለው ሳያብብ ይነቀላል፤ ቆዳ ስለሚያሳክክ ግን በባዶ እጅ አይነካም።

ለዘር የሚቀመጠው ያማረው አበባ ነው። ግንዱ ላይ እስኪደርቅ ተትቶ ይቀጠፍና በወረቀት ተጠቅልሎ ጥላ ውስጥ ይሰነብታል። ውኃ ቀድቶ ማጠጣት የሚችል ቤት የካቲት ላይ ከዚያው ዘር በበልጉ ይዘራል።