የቦይለር ጠብታ ለምን አይደፈንም? የቤት ውስጥ የውኃ ማሞቂያ አያያዝ

ደብረ ብርሃንን በመሳሰሉ ደጋማ ከተሞች፣ በተለይም በውርጭ ወራት፣ ሙቅ ውኃ እንደ ቅንጦት የሚቆጠር አይደለም። በተለምዶ ቦይለር የሚባለው የኤሌክትሪክ ውኃ ማሞቂያ በመኖሪያ ቤቶችና በእንግዳ ማረፊያዎች ይሠራል፤ የወተት ዕቃ ለማጠብ የሚጠቀሙበት አርሶ አደሮችም አሉ። ይሁን እንጂ አንድ ጊዜ ግድግዳ ላይ ከተሰቀለ በኋላ እስኪበላሽ ድረስ ቀና ብሎ የሚያየው ሰው ጥቂት ነው።

ከቦይለሩ ሥር፣ ቀዝቃዛ ውኃ በሚገባበት መስመር ላይ፣ እጀታና ትንሽ ቀዳዳ ያላት የብረት ዕቃ ትገኛለች። የግፊት ማስተንፈሻ ወይም ሴፍቲ ቫልቭ ትባላለች። ሥራዋ ሁለት ነው። አንደኛው፣ የከተማው ውኃ ሲቋረጥ በጋኑ ውስጥ ያለው ውኃ ወደ ኋላ ተመልሶ እንዳይፈስ መያዝ ነው። ሁለተኛው፣ ግፊት ከመጠን ሲያልፍ ውኃ እያስወጣች ጋኑን ማዳን ነው።

ውኃ ሲሞቅ መጠኑ ይጨምራል። 50 ሊትር የሚይዝ ቦይለር ከ20 ወደ 60 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ሲሞቅ ከግማሽ ሊትር የሚበልጥ ተጨማሪ ውኃ መውጫ ይፈልጋል። በማሞቅ ሰዓት ከቀዳዳዋ የሚንጠባጠበው ይህ ነው፤ ብልሽት አይደለም። ብዙዎች ግን ወለሉ ረጠበ ብለው ቀዳዳውን በእንጨት፣ በላስቲክ ወይም በቡሽ ይደፍኑታል። ከዚህ የከፋ ስሕተት የለም። ሙቀቱን የሚቆጣጠረው ቴርሞስታት አንድ ቀን ቢበላሽና ማሞቁን ባያቆም፣ መተንፈሻ ያጣው ውኃ ከመፍላት ነጥቡ በላይ ይግላል። ጋኑ ሲፈነዳም ውኃው በቅጽበት ወደ እንፋሎት ይለወጣል፤ 1 ሊትር ውኃ ከ1 ሺህ 600 ሊትር በላይ እንፋሎት ይወጣዋል። ግድግዳ የሚያፈርሰው ይህ ጉልበት ነው። ጠብታው ካስቸገረ ቀጭን ቱቦ ወደ ታች አዘቅዝቆ እስከ ፍሳሽ መውረጃው መዘርጋት ይበቃል፤ የቱቦው ጫፍ ክፍት ይሁን።

ኤሌክትሪክ ጠፍቶ ውኃው ከቀዘቀዘ በኋላም ጠብታው ካላቆመ ጉዳዩ ሌላ ነው። ወይ ቫልቯ ቆሽሻለች፣ ወይ ከመስመሩ የሚመጣው ግፊት በዝቷል። በወር አንድ ጊዜ እጀታዋን ከፍ አድርጎ ጥቂት ውኃ ማስወጣት ደለልና ኖራማ ቅርፊት እንዳያጣብቃት ያደርጋል። የሚወጣው ውኃ ሊያቃጥል ስለሚችል እጅንና ፊትን ማራቅ ይገባል።

ውኃ በፈረቃ በሚመጣባቸው አካባቢዎች ደለል ሌላው ጠላት ነው። ከቀናት በኋላ የሚለቀቀው የመጀመሪያ ውኃ ብዙ ጊዜ ድፍርስ ነው። ስለዚህ ውኃ ሲቋረጥ የቦይለሩን መግቢያ መዝጋት፣ ሲመለስም በቅድሚያ ሌላ ቧንቧ ከፍቶ እስኪጠራ መጠበቅ ይመረጣል። የጉድጓድ ውኃ ደግሞ ጥርት ብሎ ቢታይም ኖራማ ሊሆን ይችላል፤ ማሞቂያ ዘንጉ ላይ ቅርፊት ይጋገርበታል። ቦይለሩ እንደ ማንቆርቆሪያ ማጉረምረም ከጀመረ ምልክቱ ይኸው ነው።

በዓመት አንድ ጊዜ ጋኑ ተከፍቶ ሊጸዳ ይገባል። ባለሙያው በዚያው አጋጣሚ ዝገትን በራሱ ላይ የሚስበውን የማግኒዥየም ዘንግ ይመልከት፤ ዘንጉ ተበልቶ ካለቀ ዝገቱ ወደ ጋኑ ይዞራል። ከጽዳት በኋላ ኤሌክትሪኩ ከመለቀቁ በፊት የሙቅ ውኃውን ቧንቧ ከፍቶ፣ አየሩ ወጥቶ ውኃው ሳይቆራረጥ እስኪወርድ መጠበቅ ግድ ነው። ባዶ ጋን ላይ የበራ ማሞቂያ ዘንግ ወዲያው ይቃጠላል።

የመሬት መስመር ነገር በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። ቦይለር ውኃንና 220 ቮልትን በአንድ ዕቃ ያገናኛል። አረንጓዴና ቢጫ ቀለም ያለው ሽቦ ከቦይለሩ ጋር መታሰሩ ብቻ አይበቃም፤ ሌላው ጫፉ በእርግጥ መሬት መድረሱ በባለሙያ መለካት አለበት። ገላ ሲታጠቡ ቧንቧው ጥቂትም ቢሆን ከነዘረ ወዲያው ይውጡ፤ ኤሌክትሪኩን ከዋናው ብሬከር ያጥፉ፤ እስኪጠገንም አይጠቀሙበት።

ሙቀቱን 60 ዲግሪ አካባቢ ማድረግ ጀርሞች እንዳይራቡ ይረዳል። ነገር ግን ይህ ሙቀት በሰከንዶች ውስጥ ቆዳ ያቃጥላል፤ ለሕፃናት ሁልጊዜ ቀዝቃዛውን አስቀድሞ ሙቁን መጨመር ይሻላል።

ቤት ተከራይቶ የሚገባ ሰው ቦይለሩን ከማብራቱ በፊት የቫልቯን ቀዳዳ ይመልከት። ተደፍኖ ካገኘው፣ በተለይም ቦይለሩ ሲሠራ የቆየ ከሆነ፣ ድፍኑን ለመንቀል አይቸኩል። ብሬከሩን አጥፍቶ ውኃው ሙሉ በሙሉ እስኪቀዘቅዝ ይጠብቅ፤ ከዚያም ቫልቯን በባለሙያ በአዲስ ያስለውጥ።